አርባ ፍሬ ገብስ

ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ራሴ ብናገረው ይሻላል። እናቴ ነፍሷን ይማርና «አንቺ ስትወለጂ ጩኸትሽን የሰማ ጎረቤት ቤት የተቃጠለ መስሎት ውሃ ይዞ መጣ» ትል ነበር። ተማሪዎቼም ከኋላዬ በበርበሬ እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ አውቄም ዝም አልሁ፤ ክፍል ጸጥ ለማሰኘት ይረዳል። ቁጣዬ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። ችግሩ በመምጣቱና በመሄዱ መካከል አፌ ሥራ አይፈታም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል በልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በአርባ ፍሬ ገብስ ምክንያት ነው።

ያኔ መካነ ሰላም ላይ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ትምህርቱ በፕላዝማ የሚሰጥበት ዘመን ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ይናገራል፣ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል። ያን ጊዜ ጠመኔዬን አንሥቼ ሰውየው ካቆመበት በአማርኛ እቀጥላለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚደሰት መምህር ከእኔ በቀር አላየሁም።

ባለቤቴ ሳዑዲ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና አማቴ ብቻ ነን። አማቴ ቀጭን፣ ነገራቸው ሁሉ በልክ የሆነ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ነበሩ። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ድምፃቸው ከፍ ሲል አልሰማሁም። ይህ ደግሞ ቁጡ ሰውን ይብሱን ያናድዳል፤ ከግድግዳ ጋር መጣላት ነው። መጽሐፌን ዘርግቼ ስቀመጥ አይተው በእግር ጣታቸው ያልፋሉ፤ አንድ ቀን እንኳ «ምንድን ነው የምትማሪው?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ዝምታቸውን በገዛ እጄ ተረጎምሁት። ልጃቸው በረሃ ሲንከራተት እኔ በወረቀት የምጫወት ይመስላቸዋል ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ራሴም አመነኝ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማረው በክረምት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻንጣዬን ይዤ በደሴ በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲው እሄዳለሁ፤ ዓመቱ ሊለወጥ ሲል እመለሳለሁ። አንድ ክረምት የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ስለ አንድ ዓይነት ኢንዛይም አነሡልኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ቅባት ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርጉት ጥቃቅን አካላትም፣ ክሎሮፕላስት የምንላቸው፣ እንዲሁ የቅባት ሽፋን አላቸው። በዚያ ሽፋን ውስጥ፣ ላዩ ላይ ሳይሆን እዚያው ቅባቱ መሐል ተቀብረው፣ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ይገኛሉ። መቀስ በሏቸው። አንዳንዱ ፕሮቲን ከሽፋኑ ጋር ታስሮ ይቆይና መቀሱ ሲቆርጠው ተፈትቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሌላው ሥራውን የጨረሰ ወይም የተበላሸ ስለሆነ ተቆራርጦ ይወገዳል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። ያ መቀስ የሚቆርጠው በውሃ ነው፤ ውሃ ካላገኘ ፕሮቲን አይቆረጥም። ቅባት ደግሞ ውሃ አያስጠጋም። ታዲያ ቅባት ውስጥ የተቀበረ መቀስ ውሃ ከየት አመጣ? ይህን ስጠይቅ አማካሪዬ ፈገግ አሉ። «ኢንዛይሙ በሆዱ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለችው» አሉኝ፤ «እዚያች ውስጥ ጥቂት ውሃ ይይዛል።» በዚያ ቀን ይህንኑ እያሰብሁ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ በሩን አልፌው ሄድሁ።

አማካሪዬ ዘንድ አንድ የገብስ ዘር ነበር። ችግኝ ብርሃን ሲያይ አረንጓዴ እንዲሆን የሚረዳውን መቀስ ያጣ ዘር ነው። እናትየዋ ተክል ስትታይ ደህና ናት፤ ከልጆቿ ግን ከአራት አንዱ ገደማ ያለ መቀስ ይወለዳል። ፍሬውን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ሁሉም ገብስ ነው። የሚለየው ሲበቅል ነው። መቀስ ያላት ችግኝ ትለመልማለች፣ የሌላት ቢጫ ሆና ትቆይና እያደር ቀስ ብላ ታገግማለች። የእኔ ሥራ ዘሩን በእኛ ደጋ አብቅዬ፣ መቀስ የሌላቸውን ለይቼ፣ በብርድ አገር ለመለምለም ስንት ቀን እንደሚፈጅባቸው መመዝገብ ነበር። ገብስ አገር ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ቀላል መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ዘር በጥቅምት ጓሮ ዘራሁት። ኅዳር ላይ ውርጭ መጣና ሁሉንም አንድ ላይ ቢጫ አደረገው። መቀስ ያለውም የሌለውም አንድ መልክ ሆነ፤ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ። ለመንሁ፣ ደወልሁ፣ ደብዳቤ ጻፍሁ። በግንቦት አማካሪዬ ከደሴ በሚመጣ ሰው እጅ አንዲት ፖስታ ላኩልኝ። በውስጧ አርባ ፍሬ ገብስ፤ ከውጭ በእጅ ጽሑፋቸው «ከዚህ ሌላ የለኝም» ይላል። የቀረውን በስልክ ነገሩኝ። መጪው ክረምት የመጨረሻዬ ነው፤ ጽሑፌን ካላቀረብሁ ስሜ ይሰረዛል። ሦስት ክረምት የለፋሁበት በእነዚያ አርባ ፍሬዎች ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ፍሬዎቹን በጣሳ ዘፍዝፌ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አኖርኋቸው፤ ሰኞ ከሥራ ስመለስ ልዘራቸው። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ስደርስ ርእሰ መምህሩ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። «የአሥረኛ ክፍልን ፈተና ለመፈተን አቀስታ ከተማ የተመደበው መምህር ታሟል፤ በእሱ ቦታ አንቺ ትሄጃለሽ፤ መኪናው አሁን ይነሣል» አሉኝ። እየሮጥሁ ቤት ገባሁ፣ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቅሁ፣ ሹራቤን ረሳሁ። በሩ ላይ አማቴን አገኘኋቸው። «እማማ፣ በጣሳ የተዘፈዘፈው ገብስ አደራ» አልኋቸው። ሁለት እርምጃ ሄጄ ደግሞ ዞርሁ፤ «አርባ ፍሬ ነው፣ አደራ!»

«ሂጂ። አደራሽን ተቀብያለሁ» አሉኝ።

ምን እንዲያደርጉት እንደምፈልግ አልተናገርሁም። ለነገሩ እኔም አላውቅም ነበር፤ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ነው።

የአቀስታ ብርድ ሹራቡን የረሳ ሰው አይምርም። ስድስት ቀን የፈተና ወረቀት ሳድልና ስሰበስብ፣ አንገት የሚያረዝሙ ልጆችን ስገሥጽ ልቤ ጣሳው ላይ ነበር። አማቴ ስልክ የላቸውም። ስልክ ያላት ጎረቤታችን ናት፤ ልጇ ጅዳ ቤት ሠራተኛ ሆና የሄደችባት ሙስሊም ሴት፣ በአጥር ማዶ ሆና የሁለታችንንም ነገር የምታውቅ። በሦስተኛው ቀን ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቼ ደወልሁላት። ልትጠይቅልኝ ሄዳ ተመለሰች። «አብሽሪ» አለችኝ። «ገብስሽ ደህና ነው፣ አደራሽ ተይዟል ብለውሻል።» ልቤ አረፈ። ደህና ነው የተባለ ገብስ ምን እየተደረገ እንደሆነ መጠየቅ ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ መካነ ሰላም አወረደኝ። ግቢ ስገባ አማቴ የሉም፤ ልቅሶ ሄደዋል። ሻንጣዬን ሳላወርድ ማድ ቤት ገባሁ። ጣሳው ታጥቦ ተደፍቷል። ውስጡን አየሁት፣ ሥሩን አየሁት፣ መደርደሪያውን ዳበስሁ። ምንም የለም። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣሁና ሰሌኑን አየሁ፤ ብቅል ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

የሰኔ ማርያም ማኅበር ተራው የአማቴ ስለነበር ለጠላው ብቅል እንደሚያበቅሉ አውቅ ነበር። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ይጠልላል፣ በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ ድንጋይ ይጫንበታል፤ በሦስተኛው ቀን ሲያጎነቁል ይሰጣል፣ ደርቆ ይፈጫል። በእኛ አገር የተዘፈዘፈ ገብስ ያየች ሴት ሳታስበው እጇ የሚሠራው ሥራ ነው። የተዘፈዘፈ ገብስ ሌላ ዕጣ የለውም። እኔ ደግሞ የተዘፈዘፈ ገብስ አደራ ብዬ ሰጥቼ ሄድሁ።

ሰሌኑ ላይ ያለው ብቅል ሁለት ቁና ይሆናል። ከዚያ ውስጥ አርባ ፍሬ ማን ይለያል? ተንበርክኬ በእጄ በተንሁት። ሁሉም ገብስ፣ ሁሉም ጭራ ያወጣ፣ ሁሉም የደረቀ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አየችኝና «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

«ሦስት ዓመቴ» አልኋት። እንባዬ ቀደመኝ።

አማቴ ነጠላቸውን ለልቅሶ እንዳዘቀዘቁ በበሩ ሲገቡ ሰላምታቸውን እንኳ አላስጨረስኋቸውም። ያልሁትን ሁሉ አልጽፈውም። «መምህሬ ከዚህ ሌላ የለኝም ብለውኛል፣ አንቱ ግን ለጠላ አደረጉት» አልሁ። «ድሮም መማሬን አይወዱትም» አልሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬን የሚያግለውን ተናገርሁ፤ «ለነገሩ አንቱ ምን ያውቃሉ!» የባሌን እናት፣ ያውም ከልቅሶ የመጡትን። ጎረቤታችን በአጥሩ ማዶ «አዑዙቢላሂ» ስትል ሰማኋት።

 አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና ጓዳ ገቡ። ሲወጡ በሁለት እጃቸው አንዲት ትንሽ ጥቅል ይዘዋል። በጉሎ ቅጠል ተጠቅልላ በነጭ ክር ታስራለች።

«ጥፋትማ አጥፍቻለሁ ልጄ» አሉኝ። «ብቅልሽ አልፎበታል። በሦስተኛው ቀን መውጣት ነበረበት። ባለቤቱ ሳይመጣ ፀሐይ ላይ ላወጣው ፈራሁ፤ በየቀኑ ውሃ እያርከፈከፍሁ ጠበቅሁሽ። አሁን ረዝሟል፣ ለጠላ አይሆንም። እፍኝ የማትሞላ ብቅል ለምን እንደምታበቅል አልገባኝም ነበር፤ የተማረ ሰው ነገሩ ብዙ ነው ብዬ ተውሁት።»

 «ከሌላው ጋር አልተቀላቀለም?» አልኋቸው።

ያን ጊዜ ብቻ ፊታቸው ተለወጠ። «የአደራ ነገር ይቀላቀላል?» አሉ። «አርባ ነበር። ሁለቱ አልበቀሉም፣ እነሱም እዚያው አሉ። ቁጠሪና ተረከቢኝ።»

ቆጠርሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፊታቸው ቆሜ አንድ በአንድ ቆጠርሁ። ጣት የሚያህሉ ሠላሳ ስምንት ቢጫ ቡቃያዎችና ሁለት ያልበቀሉ ፍሬዎች። ስጨርስ መሬት ላይ ዘጭ አልሁ። ሳቁም ልቅሶውም አብሮ መጣብኝ። ቀና ስል አማቴ አጠገቤ የሉም። ሰሌኑ ጋ ጎንበስ ብለው እኔ የበተንሁትን ብቅል እየለቀሙ ነበር።

እዚያው ጉልበታቸውን ስሜ መገላገል ነበረብኝ። አላደረግሁትም። ሐፍረት ያዘኝ፣ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ገባብኝ። ቡቃያዎቹ ጨለማ ውስጥ ስለበቀሉ ሁሉም ቢጫ ናቸው። ኅዳር ላይ ውርጭ ያደረገብኝን አሁን የጉሎ ቅጠል ደገመው አልሁ። ብቻ ከመሞት መሰንበት ብዬ አመሻሹ ላይ በእንጨት ሣጥን አፈር ሞልቼ ተከልኋቸው፣ በጨርቅም ሸፈንኋቸው። እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጨርቁን ገፍፌ መስኮቱ ሥር አኖርኋቸው።

ሰኞ ለምሳ ስመለስ በሩን ከፍቼ ሣጥኑን አየሁትና ቦርሳዬ ከእጄ ወደቀ። ሃያ ዘጠኙ አረንጓዴ ሆነዋል። ዘጠኙ ቢጫ ናቸው። የሚያጠራጥር፣ መሐል ላይ የቆመ አንድም የለም። ደግሜ ቆጠርሁ፣ ያው ነው። ጓሮ ዘርቻቸው ቢሆን አንዱ ዛሬ ሌላው ከነገ ወዲያ እየበቀለ፣ ማን መቼ ብርሃን እንዳየ ሳላውቅ እንደገና እደናበር ነበር። እነዚህ ግን ሁሉም አንድ ጨለማ ውስጥ ቆይተው በአንድ ሰዓት ብርሃን አዩ። መቀስ ያለው ወዲያው ተነሣ፣ የሌለው ባለበት ቀረ።

አማካሪዬ ጋ ደወልሁ። ሁሉንም ሰሙኝና «በጨለማ አብቅለሽ ወደ ብርሃን እንድታወጫቸው ማን መከረሽ?» አሉኝ። «እኔ እኮ መንገር ሲገባኝ ረስቼው ነበር።»

«አማቴ ናቸው» አልሁ።

«ባዮሎጂ ተምረዋል?»

«የለም፣ ጠላ ይጠምቃሉ።»

ረጅም ሳቅ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቄ ቆመ። አማቴ እዚያው ግቢ ውስጥ ጌሾ እየቀነጠሱ ነበር፤ ሄጄ የምሥራቹን መናገር አቃተኝ። ከቅዳሜ ወዲህ «እንደምን አደሩ»፣ «ደህና አደርሽ» ብቻ ሆነናል። ምሳዬን እንደ ወትሮው ያቀርባሉ፣ ውሃ ያስታጥቡኛል፣ አይን ለአይን አንተያይም። ባለቤቴ ዓርብ ሲደውል ስልኩን በየተራ ተቀባብለን «ሰላም ነን» አልነው፣ እሱም አመነን። ጎረቤታችን ግን ማንንም አታምንም። «ጉልበታቸውን ሳሚና ገላግይኝ» አለችኝ፤ «በአጥር ማዶ ሆኜ ዝምታችሁን ማዳመጥ ሰለቸኝ።» እሺ አልኋት። እሺ ብዬ ዋልሁ፣ እሺ ብዬ ከረምሁ። ለስድብ የሚፈጥን አፌ ለይቅርታ ሲሆን ተሳሰረ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ አማቴን ሣጥኑ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቢጫዎቹን ይመለከታሉ።

«እነዚህ ዘጠኙ ምን አጥተው ነው?» አሉኝ።

ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። «መቀስ አጥተው ነው» አልኋቸውና ጀመርሁ። ስለ ሽፋኑ ነገርኋቸው፣ ቅባት መሐል ተቀብሮ ስለሚቆርጠው መቀስ ነገርኋቸው፣ መቀሱ ካልቆረጠ ቅጠሉ ለምን እንደማይለመልም ነገርኋቸው።  እኔም እንደ መምህርነቴ ደረቴን ነፍቼ «የሚገርመው ይህ መቀስ ያለ ውሃ አይሠራም፤ ውሃ ደግሞ ቅባት ውስጥ አይገባም» አልሁ።

«ለምን አይገባም?» አሉ። «ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃ የለም እንዴ? ስታነጥሪው የሚንጣጣው ምን ሆኖ ነው?»

 ስንት ዓመት ቅባትና ውሃ አይስማሙም እያልሁ ሳስተምር፣ በየሳምንቱ ደግሞ ቅቤ ሲንጣጣ እሰማለሁ። ነገሩ አንድ አይደለም፤ ቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ ሲናጥ ሳይወጣ የቀረ ነው፣ ኢንዛይሙ ግን ውሃውን ለሥራው ብሎ ነው ቦታ ሠርቶ የሚይዘው። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በር አልፌ እስክሄድ ያስደነቀኝ ነገር ለእሳቸው የማድ ቤት ወሬ ነበር።

«እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቁኝም እማማ?» አልኋቸው።

«የሚያነብ ሰው ይናገሩታል?» አሉኝ። «የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ መጽሐፍ ሲይዝ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አልነበረም።»

ጥላቻ ነው ብዬ ሦስት ዓመት የተሸከምሁት ዝምታ ለካ ይህ ነበር። በእግር ጣታቸው የሚያልፉት ለዚህ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትሁ። ሳልናገር «በይ ውሃ አጠጫቸው፣ ጠምቷቸዋል» ብለው ወደ ጌሿቸው ሄዱ።

በሰኔ ማርያም ማኅበርተኞቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። ጠላው መልካም ወጥቶላቸዋል። ለጎረቤታችን ብርዝ ለብቻ ተቀድቶላት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ከመካከላቸው አንዲት ምላሰኛ አሮጊት መስኮቱ ሥር ያለውን ሣጥን አይተው «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«ምራቴ ቅቤ ውስጥ የተቀበረ መቀስ እየፈለገች ነው» አሉ አማቴ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

«አገኘችው?»

«ዘጠኝ ቦታ አለመኖሩን አግኝታለች።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ መቶ ገጽ ለመጻፍ የተቀመጥሁበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጽሑፌ ቀለለኝ። ቢጫዎቹ እያደር ለመለሙ፤ ቀኑን በየጠዋቱ መዘገብሁ። የሁለቱንም ወገን ቅጠል ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ለሚመረምርልኝ ሰው አድርቄ ያዝሁ። ልሄድ ሻንጣዬን ስዘጋ አማቴ ወደ ሣጥኑ እያመለከቱ «እነዚህስ?» አሉኝ። «ሥራዬን ጨርሻለሁ እማማ፣ ይጣሉ» አልኋቸው። ጎንበስ ብለው የሣጥኑን አፈር በጣታቸው ዳበሱት።

ጽሑፌን ባቀረብሁበት ቀን ሦስት ፈታኞች ፊቴ ተቀምጠው ነበር።  ስጨርስ አንደኛው መነጽራቸውን አውልቀው «መካነ ሰላም ላይ ሙሉ ጨለማ በምን ፈጠርሽ?» አሉ። «በጉሎ ቅጠል» አልሁ። ተያዩ። ለምን እንደሆነ ሳስረዳ መጀመሪያ ሴትየዋ ፈታኝ ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ሲመክሩ ብዙ አልቆዩም። «አልፈሻል» ሲሉኝ የመጀመሪያው ሐሳቤ ለባለቤቴ መደወል አልነበረም። አገሬ ገብቼ ለአማቴ መንገር ነበር።

ቤት ስደርስ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «ተቀበሉሽ?» አሉኝ። «ተቀበሉኝ» አልኋቸው። አንድ ጊዜ እልል አሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በልኩ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጥግ ላይ፣ በእሾህ ታጥራ፣ አንዲት ትንሽ መደብ አለች። ገብስ ነው። አረንጓዴዎቹም፣ ያኔ ቢጫ የነበሩት ዘገምተኞቹም አሽተዋል። ይጣሉ ያልኋቸውን አንድም ሳያስቀሩ ተክለዋቸዋል፤ ዘገምተኞቹ ጎን ግን አንድ አንድ ቀጭን እንጨት ተተክሏል፣ እንዳይሳሳቱ።

በጥቅምት አንድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ አማቴ ጓዳ ገብተው ወጡ። በሁለት እጃቸው ሁለት ቋጠሮ የገብስ ዘር ይዘዋል፣ አንዱ የደህናዎቹ ሌላው የዘገምተኞቹ፣ በነጭ ክር የታሰሩ።

«ለመምህርሽ ላኪላቸው» አሉኝ። «ሌላ የለኝም ብለው የለ። እንግዲህ አላቸው።»

ያን ቅዳሜ ጮኼ ከተናገርሁት ክፉ ሁሉ መርጠው የያዙት ይህን ብቻ ነበር። ስድቡን ጥለው የመምህሬን ችግር ይዘው ቆዩ። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ይበሉኝ እማማ» አልኋቸው። «ያን ዕለት ምን ያውቃሉ ያልሁዎት...» እንባዬ ቀሚሳቸውን አራሰው።

እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። «እሱን ያኔውኑ ትቼዋለሁ» አሉ። «በይ ተነሺ፣ ቁጠሪና ተረከቢኝ።»

ተነሣሁ፤ ሁለቱን ቋጠሮ ተቀበልሁ። አልቆጠርሁም።